እንግዳ ሁኖ የመጣ የቤቱን ሥርዓት ይጠብቅ

በየካ ተራራና በእንጦጦ ጋራ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ከባሕር ማዶ የመጣውን እንግዳ ከደጅ መመለስ ልማዳቸው አይደለም። ምእመናኑ ጫማውን አስወልቀው ያስገቡታል፤ ወንዱን በወንዶች፥ ሴቲቱን በሴቶች ወገን ያቆማሉ፤ ከቅዳሴም በኋላ ጸበል ጸዲቁን ያቀምሱታል። ይህ ከአብርሃም ድንኳን የተወረሰ ሥርዓት ነው እንጂ ጥቅም ፍለጋ አይደለም።

ነገር ግን ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት በማኅበር ሁነው የሚመጡ፥ ራሳቸውንም ሚሲዮን ብለው የሚጠሩ አንዳንድ እንግዶች አሉ። በአቀባበሉ እጅግ ይደሰታሉ፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ወንጌል ወዳልደረሰበት ሕዝብ እንደ ሄዱ ያወራሉ። ወንጌሉ ግን በዚያው ቤት በዚያው ጧት በፊታቸው ተነቧል። ያልሰሙት ቋንቋውን ስላላወቁ ነው፤ እንግዳ ያልሰማው ቃል ሁሉ አልተነገረም ማለት ድፍረት ነው።

ለዚህም ሥራቸው ፊልጶስን ምስክር ይጠራሉ። ፊልጶስ ግን ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ የወጣው ተለምኖ ነው፤ ያጠመቀውም ያልተጠመቀውን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ሌላው በጣለው መሠረት ላይ እንዳይሠራ መጠንቀቁን ለሮሜ ሰዎች ጽፏል። እንግዲህ የተጠመቀውን እንደ አረመኔ መቍጠር ከየትኛው ሐዋርያ የተገኘ ትምህርት ነው?

ኢትዮጵያ የውጭ አገር መምህር ትጠላለች የሚል ሰው ቢኖር ታሪኳን አላነበበም። የመጀመሪያው ጳጳሷ አባ ሰላማ በ4ኛው መቶ ዓመት ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ የተሾመ የጢሮስ ሰው ነው። ከእርሱም በኋላ የመጡት ተሰዓቱ ቅዱሳን ግዕዝ ተምረው መጻሕፍትን ተረጐሙ፤ ገዳማትንም ተከሉ። አስቀድመው ተማሩ፥ ኋላም አስተማሩ፤ ስለዚህ ስማቸው እስከ ዛሬ በቅዳሴና በስንክሳር ይጠራል።

የተቃራኒውም ምሳሌ አለ። በ1595 ዓ.ም. የመጣው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ምንም እንኳ አሳቡ ሃይማኖት ማስለወጥ ቢሆን የአገሩን ቋንቋ አጥንቶ በትዕግሥት ተቀመጠ። በ1617 ዓ.ም. የደረሰው አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደ ገና ይጠመቅ፥ ካህናቱም እንደ ገና ይሾሙ አለ። የወንድማማች ደም ፈሰሰ፤ በ1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ይህን ማንሣት እንግዳ በሕግ ይከልከል ለማለት አይደለም። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ እንኳ ሚሲዮን የሚያስተምርበትንና የማያስተምርበትን አገር ሲለይ አዲስ አበባን ከተፈቀደው ቈጥሯት ነበር። ዛሬም በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ27ኛው አንቀጽ የሃይማኖትን ነጻነት አጽንቷል። ነገሩ የሕግ ሳይሆን የእውነትና የጨዋነት ነው።

የእንጦጦ ማርያም ጠበል ለዚህ ይመሰክራል። የኤች አይ ቪ ሕሙማን በዚያ በተሰበሰቡበት ዘመን፥ በ1999 ዓ.ም.፥ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ አስተማሩ። ከባሕር ማዶ የመጣው መድኃኒት ከጠበሉ ጋራ በክብር ተቀመጠ። እንግዲህ ለመርዳት የሚመጣን የሚጠላ የለም። የሚጠላው፥ በሽተኛው ራቁቱን ሲጠመቅ ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለገንዘብ መለመኛ የሚያደርግ ነው።

ነቀፌታው ግን ለእንግዳው ብቻ አይደለም። ለጥቂት ብር ሲል እንግዳን ወደ ሕሙማኑ የሚመራ የቤት ልጅ ከእንግዳው ይልቅ ያስወቅሳል። ለልጆቹ የቅዳሴውን ትርጓሜ ያላስተማረ ደብርም፥ ልጆቹ በሳምንት እንግዳ ስብከት ሲወሰዱ ማንን ይከስሳል? በሩን ክፍት የሚተው ሰው ቤቱን መጠበቅ አለበት።

ስለዚህ ወደ የካና ወደ እንጦጦ የሚወጣ እንግዳ ይውጣ፤ ይቀመጥ፤ ይብላ። ማስተማር ቢፈልግ ግን አስቀድሞ እንደ ተሰዓቱ ቅዱሳን ፊደል ይቍጠር። ያን ጊዜ ሊሰጥ ያመጣው አስቀድሞ በቤቱ እንዳለ ያገኘዋል።