«ለመሳቅ ነው የማየው»፦ በፌዝ ስለ መመልከት

በተማረው የከተማ ሰው ዘንድ አንድ የፊልም አተያይ ልማድ እንደ ብልህነት ምልክት እየተቆጠረ ሥር ሰድዷል። ልማዱ አንድን ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ አስቀድሞ «የማይረባ» ብሎ ከፈረዱ በኋላ ያንኑ የማይረባ ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው ተቀምጦ ማየት፣ በተዋናዩ አለቃቀስና በደራሲው ንግግር መሳለቅ፣ «ታዲያ ለምን ይታያል?» ተብሎ ሲጠየቁም «ለመሳቅ ነው» ብሎ መመለስ ነው። መልሱ ለሰጪው በሁለት ወገን ይጠቅመዋል፤ የፊልሙን ደስታ ሳያስቀርበት፣ ደስታቸውን በግልጽ ከሚያምኑት ሰዎች ጋር እንዳይቆጠር ያደርገዋልና። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ጥቅሙ በሐሰት የተገኘ ነው፣ ሐሰቱም ከተመልካቹ አልፎ ፊልም ሠሪውንና ሂስን ይጎዳል በሚል ነው።

ምፀት በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ላይ ላዩን አንድ ነገር እየተናገሩ ውስጥ ውስጡን ተቃራኒውን ማስረዳት ነው፤ ምፀታዊ እይታ የሚባለውም አካል በተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጦ አፍ ግን ተመልካችነቱን የሚክድበት ሁኔታ ነው። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው ይህን ፌዝ የቅኔ ዘመድ አድርጎ ሊቆጥረው ይችል ይሆናል። ነገር ግን ባለቅኔ ሰሙን የሚያበጀው ሰሚው ወርቁን ፈልጎ እንዲያገኝ ሲሆን፣ ባለ ፌዙ ሳቁን የሚያበጀው ከሥሩ ያለውን መውደድ ሌላው ሰው፣ አንዳንዴም ራሱ፣ እንዳያገኘው ነው።

ነገሩን ለመመርመር ከአዲስ አበባ ይልቅ ኮሎሎ ትመቻለች። ኮሎሎ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ የጁባ ሰፈር ስትሆን፣ የአሜሪካ ኤምባሲና የአውሮፓ ኅብረት ግቢ ጎን ለጎን የሚገኙባት፣ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠራተኞች የሚመላለሱባት ስፍራ ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 የተፈረመው የሱዳን የሰላም ስምምነትና በ2011 የታወጀው የደቡብ ሱዳን ነጻነት ጁባን ለጎረቤት አገር ሰዎች የእንጀራ ከተማ ካደረጓት ወዲህ፣ ኢትዮጵያውያን በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በንግድ ሥራ በርከት ብለው ተሰማርተውባታል፤ በድርጅት ቢሮዎች የሚሠሩ ባለሙያዎችም አልጠፉም። በአዲስ አበባ በሰፈርም በገቢም ተራርቀው የሚኖሩት የቢሮው ባለሙያና የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ እዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ይገናኛሉ። በአገሩ ሳለ ባለሙያው የአማርኛ ድራማ ማየቱን የሳሎኑ ግድግዳ ይሰውርለታል፤ በስደት ከተማ ግድግዳው ስለማይኖር የሚከልለው ፌዙ ብቻ ይሆናል።

በዚህ ላይ ጁባ ለረጅም ጊዜ መብራቷን ያገኘችው በዋነኛነት በየግቢው ከሚያጓራው ጄኔሬተር መሆኑን መጨመር ያስፈልጋል፤ አዲሱ የከተማዋ የኤሌክትሪክ መረብ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ገደማ ነበርና። እንዲህ ባለ ከተማ አንድ ሰዓት ቴሌቪዥን ማየት በነዳጅ የሚታሰብ ወጪ ነው። ነዳጅ እየተቃጠለ፣ ክፍል በክፍል፣ ሳምንት በሳምንት የማይወዱትን ነገር ማየት በጤናማ ሰው ዘንድ የተለመደ አይደለም፤ ስለዚህ «ለመሳቅ ነው» የሚለው ቃል በሒሳብ ብቻ እንኳ ሲመዘን ይወድቃል። ለአንድ ምሽት መሳለቅ ይበቃል፤ ለመቶ ክፍል ግን መውደድ ያስፈልጋል።

የዚህ ክህደት ትልቁ የኢትዮጵያ ምሳሌ ቃና ቴሌቪዥን ነው። ጣቢያው በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የቱርክን፣ የኮሪያን፣ የላቲን አሜሪካንና የሌሎችንም አገሮች ተከታታይ ድራማዎች ድምፃቸውን በአማርኛ ተክቶ፣ በሙያው ሰዎች አጠራር ዳቢንግ አድርጎ፣ ማቅረቡ የአገር ውስጥ የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎችን ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ። ከተቃውሞው መካከል የሥራ ዕድልንና የአገር ውስጥ ምርትን የሚመለከተው ክፍል ቁም ነገር ነበረው። ከዚያ ጎን ለጎን ግን የሳሎኑ ወሬ ሌላ ነገር ፈጠረ፤ ቃናን የምታየው «የቤት ሠራተኛዋ ናት» ተባለ፣ ወይም «እማዬ ናት የምትከፍተው»፣ ወይም «ልጆቹ ናቸው»። ባለቤቱ ራሱ በአጋጣሚ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ የተገኘ፣ ሳይፈልግ ያየ፣ ያየውንም ለመሳቅ ያየ ሰው ሆኖ ቀረበ። ሆኖም ስለ ድራማው ወሬ በተነሣ ጊዜ ማን ማንን እንደከዳና ልጁ የማን እንደሆነ ከሁሉም አብልጦ የሚያውቀው እሱ ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የተባለው እንዲህ ላለው ሰው ይመስላል፤ ልዩነቱ እዚህ ብቅሉ ቡና መሆኑ ነው።

ደስታን በሠራተኛዋ ላይ ማላከክ እንደ ቀላል ቀልድ መታለፍ የለበትም። ቤቱን የምታጸዳዋ፣ ወጡን የምትሠራዋ ሴት የባለቤቱን ነውር ጭምር እንድትሸከም ተደርጋለች ማለት ነው፤ ለዚህ ሥራዋ ደግሞ ደመወዝ አይታሰብላትም። ፌዘኛው ፊልሙ መጥፎ መሆኑን ማስረዳት የሚከብደው፣ ፊልሙን የምትወደውን ሰው ዝቅ ማድረግ ግን የሚቀለው ለዚህ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የታወቀው ጥናት የኢየን አንግ ነው። አንግ ዳላስ የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ በኔዘርላንድስ ከፍተኛ ተወዳጅነት ባገኘበት ጊዜ ቪቫ በተባለ የሴቶች መጽሔት ማስታወቂያ አውጥተው፣ ድራማውን የሚወዱም የሚጠሉም ስሜታቸውን እንዲጽፉላቸው ጠየቁ፤ የደረሷቸውም 42 ደብዳቤዎች እ.ኤ.አ. በ1982 በደች ቋንቋ፣ በ1985 ደግሞ በእንግሊዝኛ ለታተመው መጽሐፋቸው መሠረት ሆኑ። ከደብዳቤዎቹ የተረዱት ነገር የሚጠሉት ያለ ጭንቀት መናገራቸውን፣ በፌዝ የሚያዩትም እንዲሁ የልብ ልብ ተሰምቷቸው መጻፋቸውን፣ በእውነት የሚወዱት ግን ይቅርታ እየጠየቁና እየተከላከሉ መጻፋቸውን ነው። አንግ ይህን ያስከተለውን አስተሳሰብ የብዙኃን ባህል ርዕዮተ ዓለም ብለው ሰይመውታል፤ ይህም ለብዙ ሰው የተሠራ ነገር ሁሉ በባሕርዩ ርካሽ ነው የሚል፣ ማስረጃ ሳይጠየቅበት የሚታመን ሐሳብ ነው። ፌዝ ከዚህ ሐሳብ ጋር አይጣላም፤ ፌዘኛው ለሐሳቡ እየተገዛ ድራማውን ደግሞ እንዲያይ የሚያስችለው ፈቃድ ነው። ስለሆነም ፌዘኛው ራሱን እንደ ነጻ ሰው ማቅረቡ ትክክል አይደለም፤ ከሁሉም በላይ የሰው ዓይን የሚፈራው እሱ ነው።

አማርኛ ስለ ፊልም የሚናገርበት የራሱ ቃል ከዚህ ፍርሃት ነጻ ነው። ከ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው?» ጀምሮ የኢትዮጵያ ፊልም ዘመኑን ሲቆጥር፣ በተለይ ዲጂታል ካሜራ ሥራውን ካረከሰው ወዲህ፣ በየሲኒማ ቤቱ ፖስተር ላይ የሚነበቡት የዘውግ ስሞች «አስቂኝ የፍቅር ፊልም»፣ «ልብ አንጠልጣይ» እና የመሳሰሉት ናቸው። ዘውግ ማለት የሚመሳሰሉ ሥራዎች የሚመደቡበት ወገን ነው፤ «ልብ አንጠልጣይ» የሚለው ስያሜም ሥራውን የመደበው በተመልካቹ ልብ ላይ በሚያደርሰው ነገር ነው። ፊልሙ ልብ ካላንጠለጠለ በስሙ ብቻ ሊከሰስ ይችላል። ይህ ሐቀኛ ውል ነው፤ ልቡን ቤቱ ትቶ የመጣ ተመልካች ግን መንጠልጠሉንም አለመንጠልጠሉንም ሊመሰክር አይችልም።

የሚቃወም ሰው እዚህ ላይ ሱዛን ሶንታግን ሊጠቅስ ይችላል። ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት ታዋቂ መጣጥፍ ካምፕ የተባለውን ጣዕም አብራርተዋል፤ ካምፕ ማለት የተጋነነውን፣ ሰው ሠራሽነቱ የሚታየውን፣ ከልቡ ታላቅ ሊሆን ሞክሮ ያልሆነለትን ሥራ የማድነቅ ስሜት ነው። ይሁን እንጂ መጣጥፉ ለፌዘኛው ጠበቃ አይሆነውም፤ ሶንታግ የካምፕ ጣዕም ከፍርድ ይልቅ የመደሰት መንገድ መሆኑን፣ በውስጡም ርኅራኄና ፍቅር እንዳለበት በግልጽ ጽፈዋልና። ቻርልስ ማኮይና ሮስኮ ስካርቦሮ የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቃውንትም እ.ኤ.አ. በ2014 መጥፎ የሚባሉ የቴሌቪዥን ዝግጅቶችን ስለሚያዩ ሰዎች ባሳተሙት ጥናት የፌዙን እይታ፣ የካምፑን እይታና እያፈሩ መደሰትን ለያይተው አስቀምጠዋል። ከሦስቱ እያፈረ የሚደሰተው ቢያንስ መደሰቱን አልካደም።

ከመሳቅ ጋር ጠብ የለም። ጠቡ ሳቁ ከየት ተነሥቶ ወደ ማን እንደሚሄድ ነው፤ ይህን ለማየት ደግሞ ከኮሎሎ ወደ ደቡብ መውረድ ይጠቅማል። ከጁባ እስከ ድንበሯ ኒሙሌ ያለው 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ወደ ኡጋንዳ ይዘልቃል፤ ካምፓላ ውስጥም ኮሎሎ የሚባል ስመ ጥር ኮረብታ አለ። ከዚሁ ኮረብታ በሁሉም ነገር በሚርቀው የካምፓላ የድሆች መንደር በዋካሊጋ፣ አይዛክ ናብዋና የተባሉት ሰው እ.ኤ.አ. በ2010 «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የሚል የተኩስ ፊልም ሠሩ፤ ወጪው ከ200 ዶላር እንደማይበልጥ ይነገራል። ማስታወቂያው በኢንተርኔት ሲሠራጭ ብዙ የምዕራብ ተመልካች «ከመጥፎነቱ የተነሣ ያማረ» ብሎ ሳቀበት። ይህ ተመልካች ያልገባው ነገር ሳቁ አስቀድሞ በፊልሙ ውስጥ መኖሩ ነው። በኡጋንዳ ቪዲዮ ቤቶች ፊልሙ ሲታይ ቪጄ፣ ማለትም ቪዲዮ ጆከር፣ የሚባል ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ ታሪኩን ይተረጉማል፣ ተዋናዩን ያሞግሳል፣ ይቀልዳል፣ መንደሩንም ያወድሳል፤ በዚህ ፊልም ሥራውን የሠራው ቪጄ ኤሚ ነው። ቪጄ ያልገባበት የፊልሙ ዋና ቅጂ ስለጠፋ፣ ዛሬ ፊልሙን ማየት የሚፈልግ ሁሉ ከቀልዱ ጋር ማየት ግድ ይሆንበታል።

ለአማርኛ አንባቢ ቪጄን ለማስረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ አዝማሪ ቤት ማስታወስ ይበቃል። አዝማሪው እንግዳውን ይሸነቁጠዋል፣ እንግዳውም «ተቀበል» ብሎ የራሱን ስንኝ ያቀብለዋል፣ ሳቁም በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ ቤቱን ያሞቃል፤ የተነካው ሰው መልስ መስጠት ይችላልና። በፌዝ የሚታይ ፊልም ሠሪ ግን ማሲንቆውን ተቀምቶ ለመሰደብ ብቻ የቀረበ አዝማሪ ነው።

መልስ የተነፈገ ሠሪ ምን እንደሚደርስበት የአሜሪካው «ዘ ሩም» ጥሩ ምስክር ነው። ቶሚ ዋይዞ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ይህ ፊልም የቀረበው ከባድ የፍቅርና የክህደት ድራማ ተብሎ ነበር፤ ተመልካች ግን በእኩለ ሌሊት ትርዒቶች እየተሰበሰበ የፕላስቲክ ማንኪያ እየወረወረ ሲሳለቅበት፣ ፊልሙ ከጊዜ በኋላ ሆን ተብሎ እንደተሠራ ቀልድ መቅረብ ጀመረ። ተመልካች ውድቀትን አጨበጨበ፣ ሠሪውም ያጨበጨቡለትን ነገር ሆነ። በዚህ መካከል «ይህ ታሪክ የት ላይ ተበላሸ?» የሚለው ጥያቄ ጠያቂ አጣ።

የአማርኛ ፊልምም ይኸው አደጋ አለበት፤ የዩቲዩብ ቆጣሪ ደግሞ አደጋውን ያባብሰዋል፣ ተመልካችን ይቆጥራል እንጂ ፌዙን ለይቶ አይቆጥርምና። በሳቅ የተከፈተው ቪዲዮና በእንባ የተከፈተው እኩል ተደምረው ለአዘጋጁ «ይህንኑ ጨምር» የሚል መልእክት ያደርሳሉ። ስለዚህ የአማርኛ ፊልም ወደቀ እያለ በየቀኑ የሚያላግጠው ሰው፣ ወደቀ የሚለውን ነገር ከሚያቆሙት ምሰሶዎች አንዱ ነው። ፊልም ቤት ገብቶ፣ ተናዶ፣ አቋርጦ የወጣ ሰው ለሙያው ከእሱ የበለጠ ውለታ ውሏል።

ከልብ መውደድ ሁሉንም ማጽደቅ ነው የሚለው አስተያየትም የተለመደ ስህተት ነው። በኮሎሎም ይሁን በካዛንቺስ ድራማን ከልቡ የሚያይ ሰው ዝም ብሎ አያይም፤ «አትመኚው!» ብሎ ገጸ ባሕርይዋን ይመክራል፣ የማይመስል ነገር ሲመጣ «ውሸት!» ብሎ ይቆጣል፣ ሀብታሙ ቤት ሁልጊዜ ያው አንድ ቤት መሆኑን ያስተውላል፣ ሐኪሙ መርፌ ሲወጋ እጁ እንዳልሠለጠነ ይናገራል። ዳቢንግ ላይ የአንድ ገጸ ባሕርይ ድምፅ በመሃል ሲቀየር ቀድሞ የሚነቃው እሱ ነው፤ የለመደውን ሰው ድምፅ ተነጥቋልና ቅሬታው እስከ ቡናው መጨረሻ ይዘልቃል። ለመሳቅ የመጣው በዚያው ሰዓት የሚያየው ስልኩን ነው፤ የሚስቅበትን ቦታ ሌላ ሰው ቀድሞ ቆርጦ ልኮለታል።