ፈተናውን አልፎ በመታወቂያ የወደቀው ልጅ

ባለፈው ወር አንድ ማታ የእህቴ ልጅ ከአብርሃ ጅራ ደወለልኝ። ሰላምታችን ሳያልቅ፣ «አክስቴ፣ የፓስፖርትሽን ፎቶ ትልኪልኛለሽ?» አለኝ። ደነገጥኩ። ለምን እንደፈለገው ሲነግረኝ ደግሞ ይበልጥ ደነገጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ፕሮፕ ፈርም» የሚባሉ የውጭ ድርጅቶች አሉ። የመመዝገቢያ ክፍያ ይቀበሉና በልምምድ ገንዘብ ክሪፕቶ እያስገዙና እያሸጡ ችሎታችሁን ይፈትናሉ። የተባለውን ትርፍ ካመጣችሁ፣ ከተፈቀደው ኪሳራም ካላለፋችሁ፣ በድርጅቱ ሒሳብ ነግዳችሁ ከትርፉ ድርሻ ትወስዳላችሁ። ልጃችን በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ያጠራቀመውን ከፍሎ፣ ሌሊት ሌሊት ስልኩ ላይ አፍጥጦ ፈተናውን አለፈ። ከዚያ «ማንነትህን አረጋግጥ» ተባለ። የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ልደቱ አልገጠመም። እናቱ የወለደችው ለአስተርዮ ማርያም፣ ጥር 21 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። እሱም ቅጹ ላይ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 30 ቀን 2000 ብሎ በትክክል ሞላ። የቀበሌ መታወቂያው ግን 21/5/1992 ይላል። ማሽኑ ይህንን ሜይ 21 ቀን 1992 ብሎ አነበበው። ልጁ በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ገደማ አረጀ።

ቀጥሎ ስሙ ነው። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። አያቱ ደግሞ «ገብረ» ብሎ የሚጀምር ስም ስላላቸው፣ አንዱ ሰነድ ላይ አንድ ቃል፣ ሌላው ላይ ሁለት ቃል ሆኖ ተጽፏል። በመጨረሻ ከሦስት ወር ያልበለጠ፣ አድራሻውን የሚያሳይ የመብራት ወይም የባንክ ወረቀት ጠየቁት። የቤቱ ቆጣሪ በአባቱ ስም ነው፤ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ከየት ይምጣ?

በእኔ ፓስፖርት መሞከር የፈለገው ለዚህ ነው። እምቢ አልኩት። ድርጅቶቹ ፊትን በካሜራ ከፎቶው ጋር ያስተያያሉ፤ ቢያልፍ እንኳ ገንዘቡ የሚመጣው በእኔ ስም ነው። በተዋሱት ስም የተከፈተ ሒሳብ በታወቀ ቀን ይዘጋል፣ ትርፉም ይቀራል። ለጥፋቱም የምጠየቀው እኔ ነኝ። «አልተማመንሽብኝም» ብሎ አኮረፈ። መተማመን ሌላ፣ ስምን ማዋስ ሌላ መሆኑን ለማስረዳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ወጣት ካለ፣ ከመክፈሉ በፊት አብራችሁ ተቀመጡ። ድርጅቱ ኢትዮጵያውያንን ይቀበል እንደሆነ፣ የትኛውን ሰነድ እንደሚፈልግና ማረጋገጫውን መቼ እንደሚጠይቅ ደንቡን አንብቡ። ብዙዎቹ ክፍያውን በመጀመሪያ፣ መታወቂያውን በመጨረሻ ይጠይቃሉና ወረቀቱ ከገንዘቡ ይቅደም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ ስምን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሚይዝ ሲመዘገቡ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ማየት ይገባል። ፓስፖርቱም፣ የባንክ ደብተሩም፣ የትምህርት ማስረጃውም አንድ ዓይነት ይሁን። የአድራሻ ማስረጃ ካስፈለገም ባንካችሁ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይጽፍ እንደሆነ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት በአገሪቱ ሕግ እንዳልተፈቀደ አስጠንቅቋል። ወረቀቱ ቢሟላ እንኳ ገንዘቡ ሲጠፋ አቤት የሚባልበት ደጅ የለም። ስለዚህ ለዘር፣ ለኪራይ ወይም ለልጅ ትምህርት የተቀመጠ ብር እዚህ አይግባ።

የልጃችን ክፍያ አልተመለሰም። እሱ ግን አሁን ፋይዳ ተመዝግቦ፣ የስሙን አጻጻፍ እያስተካከለ ነው። ለዚህ ድርጅት ባይሆንም ለነገ ሥራው ይጠቅመዋል። ከሁሉ ያልተዋጠላት እህቴ ናት። ስልኩን ተቀብላ፣ «በማርያም ቀን በገዛ እጄ የወለድኩትን ልጅ ዕድሜ አንድ ማሽን ነው የሚነግረኝ?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።