የድሮ ዘፈን ሲከፈት «ዝጊው» አትበሉ



እሑድ ዶራ ስንገናኝ አንዷ የድሮ ዘፈን ስትከፍት ሌላዋ «ኧረ ዝጊው፣ ሆዴን አታባቢው» ትላለች። «ካለቀስኩ ሰኞ ሥራ አይገፋልኝም» የምትልም አለች። እኔ በዚህ አልስማማም። ሆድ ቢያባባም መስማት አለብን እላለሁ።

ምክንያቴ ይሄ ነው። እዚህ አገር ስንመጣ ብዙ ነገራችን በር ላይ ይቀራል። እኔ መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ስሜ ለአፋቸው ስላልተመቸ ሌላ ስም አወጡልኝ። ዓመት ሙሉ «ነይ፣ ሂጂ፣ አምጪ» ሲባል ሰው ራሱንም ይረሳል። እኔም መጥረጊያ ይዤ የተወለድኩ ይመስለኝ ጀምሮ ነበር።

ሰሞኑን ልብስ ስተኩስ የቴዲ አፍሮን «ጥቁር ሰው» ከስልኬ ከፈትኩ። አልበሙ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ያኔ ኮምቦልቻ ተማሪ ነበርኩ። ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት እስኪጨርስ እሱኑ ይደጋግመው ነበር። እኔና ጓደኞቼ ኋላ ወንበር ላይ ተጣብበን፣ ረዳቱ እስኪቆጣን አብረን እንዘፍናለን። ግጥሙን ደብተሬ ጀርባ ላይ ገልብጬዋለሁ። የታሪክ አስተማሪያችን ስለ ዐድዋ ሲጠይቅ ቀድማ እጇን የምታወጣ ልጅ ነበርኩ። ይሄን ሁሉ ረስቼው ነበር፣ ዘፈኑ ነው የመለሰልኝ። አዎ፣ አልቅሻለሁ። ግን ተስፋ ቆርጬ ሳይሆን ያቺን ልጅ ስላገኘኋት ነው።

አባቶቻችንም ይሄን ያውቁ ነበር። ከአራቱ ቅኝቶቻችን የአንዱ ስም ራሱ ትዝታ ነው። ሌሎቹ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው፤ ባቲና አምባሰል ደግሞ የኛው የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ትዝታ በሽታ ቢሆን ኖሮ ቅኝት ባላወጡለት።

በእርግጥ ዘፈን የቀረ ደሞዝ አያመጣም፣ የተያዘ ፓስፖርትም አያስመልስም። ነገር ግን ማን እንደነበረች ያልረሳች ሴት «ደሞዜስ?» ለማለት አፏ ይፈታል። ራሷን የረሳች ግን የሰጧትን ተቀብላ ዝም ትላለች።

ስለዚህ እህቴ፣ ስልክ ከተፈቀደልሽ ሥራ ላይ ሆነሽም ስሚ። ማዳም ስትጠራ እንድትሰሚ ማዳመጫውን ባንድ ጆሮሽ ብቻ አድርጊው። ማታ ብቻሽን ሆነሽ ከከበደሽ ደግሞ ዝጊውና ለአንዳችን ደውዪ፤ ብቻሽን አታልቅሺ።

ለእሑድም አንድ ሐሳብ አለኝ። በየተራ አንድ አንድ ዘፈን እንክፈት፤ የከፈተችው ያን ጊዜ የት እንደነበረች፣ ምን መሆን ትመኝ እንደነበር ታጫውተን። ስልኳን የተቀማች እህት ከመጣች መጀመሪያ የምትመርጠው እሷ ትሁን።