ያልተጻፈ ብድርና በሐሰት የተጻፈ ቼክ

የፍትሐ ብሔር ክስ በሚሰማበት ችሎት ደጃፍ፣ ከራፖር ጸሐፊው ጠረጴዛ አጠገብ ተራቸውን ሲጠብቁ የሚታዩትን ባለሱቆች፣ ባለወፍጮዎች፣ ልብስ ሰፊዎችና እንጨት ነጋዴዎች ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከሳሽና ተከሳሽ የሆኑት ብዙ ጊዜ በአንድ ማኅበር ጽዋ የጠጡ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሣ፣ በአንድ እድር የሚቀባበሩ ሰዎች መሆናቸውን ይረዳል። ወደዚያ ያደረሳቸው ነገር፣ እኔ እንደማምነው፣ በአብዛኛው ወረቀት ነው፤ ወይ ሳይጻፍ የቀረው፣ ወይ ደግሞ ከእውነቱ ተለይቶ የተጻፈው። ከሁለቱም የከፋው ሁለተኛው ነው እላለሁ፤ ነገር ግን የፊተኛው ሳይታይ የኋለኛው ከየት እንደ መጣ አይታወቅም።

በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 እንደ ደነገገው፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ አይችልም። በዚያን ዘመን 500 ብር ለብዙው ደመወዝተኛ የወራት ደመወዝ የሚሆን ገንዘብ ነበርና፣ ሕግ አውጪው ከዚያ በታች ያለውን የጎረቤት ብድር ለቃልና ለእማኝ ለመተው አስቦ ሳይሆን አይቀርም። ዘመኑ አለፈ፣ ብሩ ረከሰ፣ ቁጥሩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ዛሬ በአዲስ አበባ አንድ ኪሎ ሥጋ በማይሸመትበት ገንዘብ ላይ ያ ጥንታዊ ወሰን እንደ ቆመ ስለ ሆነ፣ ለድሃ ነጋዴ የተተወለት በር ማንም በዐዋጅ ሳይዘጋው ተዘግቷል።

ስለዚህም ለባልንጀራው 20,000 ብር በእጁ ቆጥሮ ያበደረ ነጋዴ፣ ሲቆጥር በዐይናቸው ያዩ ሦስት የታመኑ ሽማግሌዎችን አስከትሎ ቢቀርብ፣ ዳኛው የእነርሱን ቃል ለብድሩ ማስረጃ አድርጎ ሊቀበል አይችልም፤ ተበዳሪው በችሎት ካላመነለት የሚቀረው መሐላ ብቻ ነው። የሚያስደንቀው ግን፣ ያው ነጋዴ ገንዘቡን በማበደር ፈንታ የ100,000 ብር ጨርቅ በዱቤ ሸጦ ቢሆን ኖሮ፣ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ የተለየ ፎርም አያስፈልገውምና፣ እነዚያው ሽማግሌዎች ይሰሙለት ነበር። ይህን ልዩነት ጠበቆች ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ባለሱቁ የሚያውቀው ከተረታ በኋላ ነው። ዛሬ በስልክና በባንክ የሚላክ ገንዘብ ዱካ ይተዋል የሚል ቢኖርም፣ ደረሰኙ ገንዘቡ መተላለፉን እንጂ ብድር መሆኑን በራሱ አይመሰክርም፤ ተቀባዩ የዕቃ ዋጋ ነበር ወይም የቆየ ዕዳ ነበር ብሎ ሊከራከር ይችላል።

ወዳጅን ፈርምልኝ ማለት ማተቡን መጠራጠር መስሎ ስለሚታይ ብዙው ሰው ይህን ቃል ከአፉ ማውጣት ይከብደዋል፤ ከዚህ እፍረትም ነው፣ በእኔ ግምት፣ ቼክ የሚባለው መድኃኒት የተገኘው። ተበዳሪው ወይም በዱቤ የወሰደው ነጋዴ ቀኑን ሳይሞላ፣ ወይም ከሦስት ወር በኋላ የሚደርስ ቀን ጽፎ፣ «ለዋስትና ያህል» ቼክ ይሰጣል፤ ሰጪውም ተቀባዩም በዚያን ጊዜ በባንክ ሒሳቡ ውስጥ ስንቅ አለመኖሩን ያውቃሉ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ግን ቼክ እንደ ቀረበ የሚከፈል ሰነድ እንጂ የቀጠሮ ሰነድ አይደለም፤ የሦስት ወር ቀን የተጻፈበትም ቢሆን ነገ ለባንክ ከቀረበ ነገ የሚከፈል ነው። ከዚህ በኋላ ነገሩ ከፍትሐ ብሔር ወጥቶ ወደ ወንጀል ይሻገራል፤ ምክንያቱም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 ስንቅ የሌለው ቼክ አስቦ ማውጣትን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት በሚያደርስ ቅጣት ይቀጣል። ባለገንዘቡ ይህን ስለሚያውቅ ከዳኛው በፊት ወደ ፖሊስ ይሄዳል፤ የዕዳ መጠየቂያው ወረቀት የእስር ማስፈራሪያ ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በብድር ላይ ከመቶ 12 የሚበልጥ ወለድ መዋዋልን ሲከለክል፣ የአራጣው አበዳሪ ዋናውንና አራጣውን ደምሮ በአንድ ቼክ ላይ ያስጽፈዋል፤ በወረቀቱ ላይ የሚታየው ድምር ብቻ ነውና፣ ተበዳሪው የተቀበለው ግማሹን ነው ብሎ ለማስረዳት የሚገጥመውን መከራ አንባቢ ይገምት።

የሱቅ ኪራይም ከዚህ የራቀ አይደለም። ግብር ለማሳነስ ሲባል ከእውነተኛው ያነሰ ኪራይ በውሉ ላይ ይጻፋል፤ ጠብ የመጣ ቀን አከራዩ እውነተኛውን ሒሳብ ልጠይቅ ቢል፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2005 የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል የተሟላ ማስረጃ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ለዚህኛው እንኳ ብዙ አላዝንም።

በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ፣ ዐዋጅ ቁጥር 1243፣ ሲወጣ ነጋዴውንና የንግድ ማኅበራትን፣ ኪሳራንም የሚመለከቱት ክፍሎች ታድሰዋል፤ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁምም ተፈቅዷል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ቼክን የሚገዛው የቀድሞው የንግድ ሕግ አራተኛ መጽሐፍ ግን እንዳለ ቀረ፤ የብድሩም 500 ብር በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ ተረስቶ ተቀመጠ። ያንን ወሰን ወደ ዘመኑ ዋጋ ከፍ ማድረግ ለምክር ቤቱ አድካሚ ሥራ አይመስለኝም።

እስከዚያው ድረስ ባለሱቁ ገንዘቡን፣ ቀኑንና የመክፈያውን ጊዜ እንደ እውነቱ የያዘች፣ ተበዳሪው የፈረመባት አንዲት ቅጠል ወረቀት ከአሥር የዋስትና ቼክ እንደምትሻለው ይወቅ። ፈርምልኝ ለማለት ለሚያፍረውም፣ ወረቀቷ ለተበዳሪው ጭምር መሆኗን አስረድቶ መጀመር ይቻለዋል፤ ዕዳውን የከፈለ ሰው ያቺን ወረቀት፣ ቼክ ሰጥቶም እንደ ሆነ ቼኩን፣ በዕለቱ ሳይቀበል መሄድ የለበትምና፤ አበዳሪው ሞቶ ሳጥኑን የከፈቱ ወራሾች የተከፈለ መሆኑን በምን ያውቃሉ? ሕጉም በውል ላይ ለሚመሠረት ክስ 10 ዓመት ይሰጣቸዋል።