ክፍሉ የወጣቶች ነው፣ ወጣቶቹን ግን ማን ጠየቃቸው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክልል ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ «ለወጣቶች ምቹ የጤና አገልግሎት» የሚል ክፍል ሲመረቅ ዜናውን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ሪባን ተቆረጠ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ኃላፊዎች ተናገሩ። እኔም ሦስት ኃላፊዎችን ጠቅሼ ጻፍኩና ክፍያዬን ተቀበልኩ። በዜናው ውስጥ አንድም የወጣት ድምፅ አልነበረም። የጎደለ ነገር መኖሩም ትዝ አላለኝም።

አምና ለሌላ ሥራ ወደዚያው ከተማ ስሄድ ጎራ አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ካርቶን ተደርድሯል። ነርሷን «ወጣቶቹስ?» አልኳት። «ያፍራሉ፤ ግንዛቤም የላቸውም» አለችኝ።

ከግቢው በር ፊት ለፊት ቡና የምታፈላ የ19 ዓመት ልጅ ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ።

«ወንድሜ፣ በር ላይ ጥበቃው ‹ምን ፈልገሽ ነው?› ይለኛል። ካርድ ክፍል ስሜን ጮክ ብለው ይጠሩታል። ከዚያ ልጅ ሊያስከትቡ ከመጡ እናቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ግማሾቹ የእናቴ እድርተኞች ናቸው። እኔ ክፍሉ ሳልደርስ ወሬው ቤት ይደርሳል።»

«ታዲያ ሲያስፈልግሽ የት ትሄጃለሽ?»

«መድኃኒት ቤት። እዚያ ስሜን የሚጠይቀኝ የለም።»

መንግሥት በነጻ የሚሰጠውን ትታ ከቡና ሽያጯ ላይ ከፍላ የምትገዛን ልጅ «ግንዛቤ የላትም» ማለት ይከብዳል። ልጅቷ አስልታለች። የምታጣው ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። መድኃኒት ቤቱ «ፖስት ፒል» ይሸጥላታል። የኤችአይቪ ምርመራውን፣ የሚስማማትን መከላከያ መርጦ የሚያማክራትን ባለሙያ፣ ቀጣዩን ቀጠሮ ግን እዚያ አታገኝም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። እውነት ነው። የሚያሸሽገውን በር የሠራነው ግን እኛ ነን።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል 13 በመቶዎቹ ወልደው ወይም አርግዘው ተገኝተዋል።

ወጣቶችን ስለ ማሳተፍ የማያወራ ሰነድ የለንም። በተግባር ግን ተሳትፎው ምን እንደሚመስል ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ስብሰባ ይጠራል፣ አበል ይከፈላል፣ ፎቶ ይነሳል። የወጣቶች ፖሊሲያችን ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። እኔ ሠላሳዎቹን ጀምሬአለሁ፤ በዘገብኳቸው ስብሰባዎች ላይ ግን በዕድሜ የሚበልጠኝ «የወጣት ተወካይ» ከአንድም ሁለቴ አጋጥሞኛል።

ከልብ ሲጠየቁ ምን እንደሚገኝ እዚሁ አገራችን ታይቷል። ፒኤስአይ የተባለው ድርጅት «ስማርት ስታርት» የተሰኘውን ፕሮግራም ሲነድፍ በገጠር በለጋ ዕድሜያቸው ካገቡ ልጃገረዶችና ከባሎቻቸው ጋር ተቀምጦ ነበር። ስለዚህም ውይይቱ የሚጀምረው ከወሊድ መከላከያ ሳይሆን ከኑሮ ነው። ባልና ሚስቱ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ስለ ገቢያቸው፣ ስለ ቁጠባቸው፣ ወደፊት ሊኖራቸው ስለሚፈልጉት ነገር ያወራሉ። ልጅ መቼ እንውለድ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ውስጥ ይወጣል። የእርግዝና መከላከያው ድሮም የነበረው ነው። የተለወጠው የወሬው መነሻ ነው።

«ልጆች ስለ ሕክምና ምን ያውቃሉ?» የሚል ሐኪም ይኖራል። ልክ ነው፣ የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው እሱ ነው። በየት በኩል ቢገቡ እንደማይሳቀቁ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመቻቸው የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው። ጤና ጣቢያው ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ይሠራል፣ ተማሪው ደግሞ በዚያው ሰዓት ክፍል ውስጥ ነው። «ልጆቻችንን ታበላሹብናላችሁ» የሚል ወላጅም አለ። ስጋቱን አልንቀውም። ግን ልጁ ባለሙያ ዘንድ ካልሄደ የሚሄደው ጓደኛው ዘንድና ስልኩ ላይ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። ጤና ጣቢያዎቻችን ከአገልግሎት የሚሰበስቡትን ገቢ ራሳቸው ለአገልግሎቱ ማሻሻያ ማዋል ይችላሉ፤ በአጠቃቀሙ ላይ የሚወስን ቦርድም አላቸው። እዚያ ቦርድ ላይ ድምፅ ያላቸው ሁለት ወጣቶች ይቀመጡ፣ አንዷ ሴት ትሁን። ክፍል ከመሠራቱ በፊት ተማሪውም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ቡና የምታፈላዋም፣ አካል ጉዳተኛውም ከግቢው በር እስከ መድኃኒት መስጫው ድረስ ይሂዱና የት ላይ እንደሚሳቀቁ ያሳዩን። ካሉት ውስጥ የቱ እንደተፈጸመ፣ የቱ ለምን እንደቀረ ደግሞ ተመልሶ ይነገራቸው። መልስ የማያገኝ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

እኔም የራሴ ዕዳ አለብኝ። ለሚቀጥለው ምረቃ ከተጠራሁ መቅረጫዬን መጀመሪያ የምይዘው ወደ ኃላፊው አይደለም። ከበሩ ፊት ለፊት ቡና የምታፈላዋን ልጅ ነው የምጠይቀው።

በእናንተ ሰፈር ያለው ክፍልስ ስንት ሰዓት ይከፈታል? ገብታችሁ ታውቃላችሁ?