ማሳሰቢያ፦ በጅማና በአካባቢዋ የቡና መፈልፈያ ለምትሠሩ ሁሉ

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በየቡ የእሸት ቡና መፈልፈያ የምትሠሩ፣ የምትጠግኑና የምታሻሽሉ ባለሙያዎች ሆይ፣ «ፓተንት አወጣላችኋለሁ» ለሚል ደላላ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ፣ ፈጠራዊ ብቃት ላለውና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት ለሚችል ፈጠራ ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በሁለተኛው ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። የመፈልፈያው ከበሮ ጉብጉብ ያለ ቆርቆሮ ለብሷል። ሲዞር እሸቱን ከፊቱ ካለው ብረት ጋር ያሻሸዋል፤ ልጣጩ በአንድ በኩል፣ ፍሬው በሌላ በኩል ይወጣል። አንድ ብየዳ ሠሪ ፍሬው እየተቧጨረ ቢያስቸግረው ብረቱን ጎማ አለበሰው እንበል። ፍሬው ሳይጎዳ ወጣ፤ መልካም ሥራ ነው። የፓተንት መርማሪው ግን ይጠይቃል፦ ከበሮው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ጎማ ግጭትን እንደሚያለዝብ ማንም መካኒክ ያውቃል፤ ታዲያ ሁለቱን ማገናኘት ለሙያው ሰው ምን ይከብደዋል? ለዚህ መልስ ከሌለ ፓተንት የለም። አዲስነትም የሚለካው በአጋሮ ገበያ ሳይሆን በዓለም ነው።

ወረቀቱ እጅ ቢገባም መሠረት ከሌለው አይጸናም። ጤፋችንን አስታውሱ። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ለአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራዊ ብቃት የለውም ብሎ በኔዘርላንድ የሚሠራውን ፓተንት ሻረው። ያን ቀን ደስ ያሰኘን መመዘኛ ዛሬ እኛንም ይመዝነናል።

ስለዚህ፦

1. አስቀድማችሁ ፈልጉ። ኢስፔስኔትና ፓተንትስኮፕ የተባሉ ድረ ገጾች የዓለምን ፓተንቶች በነፃ ያሳያሉ። እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጃችሁን ከጎናችሁ አስቀምጡና ሥዕሎቹን ከማሽናችሁ ጋር አስተያዩ።

2. ባዛር ላይ ከማቅረባችሁ፣ ቲክቶክ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት አመልክቱ። ውጭ አገርም ለማመልከት ካሰባችሁ፣ በአውሮፓ ባለቤቱ ራሱ ቀድሞ ለሕዝብ ያሳየው ፈጠራ እንደ አዲስ አይቆጠርም።

3. ልዩነቱን በቁጥር መዝግቡ፦ በሰዓት ስንት ኪሎ እሸት ፈለፈለ፣ ስንት ሊትር ውሃ ፈጀ፣ ከ100 ፍሬ ስንቱ ተጎዳ? ማንም ያልጠበቀው ውጤት ከተገኘ ፈጠራዊ ብቃቱን ለማስረዳት ይረዳችኋል።

4. ማሻሻያው አነስተኛ ከሆነ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ጠይቁ። ፈጠራዊ ብቃት አይጠየቅበትም፤ ለ5 ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል።

5. ጥያቄ ካላችሁ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ራሱን ጠይቁ። ውጤቱን አስቀድሞ የሚያረጋግጥላችሁ ደላላ እየዋሸ ነው።

ፓተንት መከልከል ሥራን ዋጋ አያሳጣም። ጎማ የለበሰው መፈልፈያ በመጪው የለቀማ ወቅትም ንጹሕ ፍሬ ያወጣል፤ ገዢም አያጣም። የሚያስቆጨው የብረትና የጎማ መግዣ የሚሆነው ገንዘብ ለባዶ ተስፋ ሲከፈል ነው።