ሕዝቡ ድምፁን ለማን ሰጠ?

የቅዳሴ መጽሐፋችን ቃሉን ለሦስት ወገን ከፍሎ ይሰጣል። ካህኑ በሚለው ላይ «ይ፡ካ»፥ ዲያቆኑ በሚለው ላይ «ይ፡ዲ»፥ ሕዝቡ በሚለው ላይ «ይ፡ሕ» የሚል ምልክት ተጽፎ ይገኛል፤ ይኸውም ካህኑ ይበል፥ ዲያቆኑ ይበል፥ ሕዝቡ ይበል ማለት ነው። ሁለቱ ባለድርሻዎች ድርሻቸውን አላስታጐሉም። ሦስተኛው ግን በብዙ የከተማ አጥቢያ ነጠላውን አጣፍቶ፥ እጁን አጣምሮ፥ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ስለ እርሱም ጥቂት ሰዎች በድምፅ ማጉያ ይመልሱለታል። ቤቱ በድምፅ ተሞልቷል፤ ሕዝቡ ግን ዲዳ ሆኗል። ክርክራችን ከዚህ ዝምታ ጋር ነው።

ለዝምታው ጠበቃ የሚቆሙ ሰዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ፤ ሦስቱንም በየተራ እንመርምር።

መጀመሪያው፥ «ድምፄ አያምርም፤ ዝም ብዬ ብሰማ ይሻላል» የሚል ነው። ይህ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን የትሕትና ልብስ የለበሰ ኵራት ነው፤ ካላማርሁ አልሰማ ማለት ነውና። የኅብረት ዜማ ከሰው የሚሻው የሚያምር ጕሮሮ ሳይሆን የሚሰማ ጆሮ ነው። በማኅሌት ቀኝና ግራ ተለይተው ከሚቆሙት ሊቃውንት አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ መቀበልም ከመምራት የሚያንስ ሥራ አይደለም። የሚቀበል ሰው አስቀድሞ ይሰማል፤ ትንፋሹን ከባልንጀራው ትንፋሽ ጋር ያስተካክላል፤ ከበሮው ሲዘገይ ይዘገያል፥ ሲፈጥን ይፈጥናል፤ ጸናጽሉ ከሌላው ቀድሞ እንዳይጮኽ እጁን ይገታል። በየጉባኤውና በየመሥሪያ ቤቱ ሁሉ መሪ፥ ሁሉ ተናጋሪ ለመሆን በሚሽቀዳደምበት ዘመን፥ ሰው ሳያፍር ተቀባይ መሆንን የሚማርበት ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ወዴት አለ? ባለሥልጣኑና በር ጠባቂው ትከሻ ለትከሻ ቆመው አንድ ቃል ሲቀበሉ፥ ዜማው የማንኛቸውንም ደመወዝ አይጠይቅም። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዳሉ፥ ለአንድ ጕሮሮ የከበደው ለብዙዎች ጌጥ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ከእኛው ከካህናቱ ወገን የሚመጣ ነው፤ «ዜማ የሊቃውንት ነው፤ ያልተማረ ቢገባበት ያበላሸዋል» ይላሉ። ይህን ቃል አንንቀውም። ድጓን በጋይንት ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አምባ፥ አቋቋምን በጎንደር ያስመሰከረ ሰው ዕውቀቱን የገዛው በርኃብና በስደት፥ በዓመታት ድካም ነው። ለሥርዓቱ ቢቀና እውነት አለው። ነገር ግን ያ ሊቅ ራሱ ዜማውን እንዴት ተማረ? ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ፥ ከባልንጀሮቹ ጋር ቀጽሎ አይደለምን? በብራና ላይ ከቃሉ በላይ የተጻፈው ምልክት እንኳ አስቀድሞ በአፍ ለተማረው ማስታወሻ ይሆነዋል እንጂ ከቶ ላልሰማው ሰው ብቻውን ዜማ አያስተምርም። የቅዱስ ያሬድ ሥራ፥ ግዕዙም ዕዝሉም አራራዩም፥ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው ከመጽሐፍ ጋር በሰው ጕሮሮ ነው። ስለዚህ ድጓው የሊቁ ይሁን፥ ወረቡም የባለሙያው ይሁን፤ የሕዝቡን ተሰጥዎ ግን ለሕዝቡ ተዉለት። አጭር ነው፥ የታወቀም ነው፤ ቢሳሳትም ይታረማል። ዝም ያለ ሰው ግን ምኑ ይታረማል? ሊቁ ብቻውን የሚያዜምበት ደብር፥ ሊቁ ባለፈ ጊዜ ከሊቁ ጋር ዜማውንም ይቀብራል።

ሦስተኛው ምክንያት የዘመኑ ነው፤ «ጊዜ የለኝም፤ መዝሙሩን ከስልኬ እሰማለሁ» ይላል። የተቀረጸ ድምፅ ለሚያጠና ሰው ይጠቅማል፤ በአልጋ ላይ ላለ በሽተኛም መጽናኛ ነው። ነገር ግን የተቀረጸው ድምፅ «ትናንት ለምን ቀረህ?» ብሎ አይጠይቅም። ከየአገሩ ተነሥቶ በከተማ የሚኖር ሰው፥ በዕጣ ባገኘው የጋራ ሕንፃ ውስጥ የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ዓመት ይፈጽማል። ያው ሰው ከመዘምራን ማኅበር ቢገባ ግን ቦታው ባዶ ሲሆን የሚታወቅለት፥ ሲታመም በሩን የሚያንኳኳለት፥ ልጁን በስሟ የሚጠራለት ወገን ያገኛል። ዕድር ክቡር ነው፤ ይሁን እንጂ ዕድር ይልቁን በሞታችን ቀን ይሰበስበናል፤ መዝሙር ግን በሕይወታችን ሳለን ይሰበስበናል።

ይህ የቤተ ክህነት ሰው ምኞት ብቻ እንዳይመስል የውጭ አገር ሊቃውንት የመረመሩትን እንጨምር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በስዊድን አገር በጎተንበርግ ያሉ ተመራማሪዎች፥ በኅብረት የሚዘምሩ ሰዎች ትንፋሻቸው በዜማው ስለሚገጥም የልባቸው አመታት አብሮ ሲፈጥንና አብሮ ሲዘገይ አገኙ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የኦክስፎርድ ሊቃውንት፥ ገና የማይተዋወቁ ጐልማሶች አንዳንዱ መዝሙር፥ አንዳንዱ ድርሰት፥ አንዳንዱ የእጅ ሥራ ሲማሩ ሰባት ወር ተከታተሏቸው። በመጨረሻ ሁሉም ተቀራረቡ፤ ዘማሪዎቹ ግን ከሁሉ ፈጥነው ተቀራረቡ። ከዚህ ተነሥተን መዝሙር ሐኪም ቤትን ይተካል አንልም፤ ባዕድን ፈጥኖ ወዳጅ ያደርጋል ማለት ግን ይበቃናል።

ዝምታንና መዝሙርን በሕዝብ ደረጃ ለመመዘን ለሚሻ ደግሞ ኢስቶንያ አለች። ይህች ትንሽ አገር በ1869 ዓ.ም. በታርቱ ከተማ፥ በሩስያ ንጉሥ ግዛት ሥር ሳለች፥ የመጀመሪያውን ታላቅ የመዝሙር ጉባኤ አደረገች። በ1988 ዓ.ም. በሶቪየት አገዛዝ ሥር ሳለች ሕዝቧ በታሊን የመዝሙር ሜዳ በብዙ ሺሕ ተሰብስቦ በገዛ ቋንቋው ዘመረ፤ በ1991 ዓ.ም. ነጻነቷ ተመለሰ። ነጻነትን ያመጣ መዝሙር ብቻ አይደለም፤ ድምፁን ያልጣለ ሕዝብ ግን ቀኑ በደረሰ ጊዜ የሚናገርበትን አንደበት አላጣም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የየደብሩ አስተዳዳሪዎች ሆይ፥ የሕዝቡ ተራ በደረሰ ጊዜ ማጉያውን ዝቅ አድርጉት፤ ከቅዳሴ በፊት ጥቂት ጊዜ ወስዳችሁ ተሰጥዎውን አስጠኑ። መሪጌቶች ሆይ፥ የሚሳሳተውን በግልምጫ አታባርሩት፤ እናንተም ተሳስታችሁ ታርማችኋልና። የከተማ ሰዎች ሆይ፥ ከግንቡ ጥግ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ከአጠገባችሁ የቆመውን ስሙ፥ ከዚያም አፋችሁን ክፈቱ። ሌላው ስለ እናንተ ቢጾም እንደማይቈጠርላችሁ ታውቃላችሁ፤ ሌላው ስለ እናንተ ሲዘምር ለምን የዘመራችሁ ይመስላችኋል? መጽሐፉ «ሕዝብ ይበል» አለ እንጂ «ሕዝብ ይስማ» አላለም።